«ድንጋዩ አልቋል» ሲባል፦ የአንድ የሐዋሳ ፎቶ አንሺ ካሜራ የጉዳይ ጥናት

ይህን ለምን እንደምጽፍ

በሐዋሳ ኤሌክትሮኒክስ መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት «ካሜራው ድንጋይ ይበላል» ተብለው ወደ ጠረጴዛዬ የመጡ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። አብዛኞቹን ባለቤቶች «ጥሩ ድንጋይ ይግዙ» ብዬ አሰናብቻቸዋለሁ። ምክሩ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ እውነት እንዳልነበረ ያስተማረኝ ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሊጠቅም ይችላል ብዬ ስለማምን ሂደቱን ከነስሕተቱ እመዘግበዋለሁ። ባለጉዳዩ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። የካሜራውንም ስም አላነሳም፣ ምክንያቱም ችግሩ የአንድ ፋብሪካ ችግር አይደለም።

ጊዜውም ተገቢ ይመስለኛል። በስልክ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ የተረሱ ካሜራዎች እንደገና እየወጡ ነው። ወጣቶች የድሮውን የፎቶ መልክ ወደውታል፤ አባቶቻቸው የገዙትን ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያ ቅሬታቸውም ይኸው የድንጋይ ነገር ነው።

ባለጉዳዩና ሥራቸው

ባለጉዳዩ በሃምሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የሚገኙ ፎቶ አንሺ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራውን የጀመሩት በፊልም ዘመን ነው። እሑድና በበዓል ቀን ጧት አሞራ ገደል ከዓሣ ገበያው አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ይቆማሉ። እንግዳ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር፣ ከጀልባ ጋር፣ ከሐይቁ ጋር መነሳት ይፈልጋል። ስልክ በእጁ ያለ ሰው ለምን ጋሼን ይፈልጋል የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ እሳቸው ዘንድ ፎቶው ታትሞ እጅ ላይ ይሰጣል። ፎቶ ቤት ያለው የወንድማቸው ልጅ የማስታወሻ ካርዱን ተቀብሎ ያትማል፣ እንግዳው ዓሣውን በልቶ ሳይጨርስ ፎቶው ይደርሳል። በሥራ ቀናት ደግሞ ለተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ።

ካሜራቸው በ2005 ዓ.ም. ያገለገለ ሆኖ የገዙት፣ ሁለት ኤኤ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። የሚወዱትም ለዚህ ነው። ድንጋዩ ቢያልቅ ኪዮስክ ሁሉ ይገኛል ብለው ነበር።

ችግሩ

መጀመሪያ ላይ አንድ ጥንድ ድንጋይ ቀኑን ይዘልቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወደ አርባ ፎቶ ወረደ፣ ወደ እኔ ሲመጡ ደግሞ ሃያ ፎቶ ላይ ቀይ የድንጋይ ምልክት ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። በሒሳብ ስናየው ከአሥር ፎቶ ክፍያ የሦስቱ ለድንጋይ ይሄዳል። «ልጄ፣ ይህ ካሜራ አሁን የሚያገለግለው ሱቁን ነው» አሉኝ።

እኔ ዘንድ ያመጣቸው ግን ሒሳቡ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ዕለት፣ ከዲላ የመጣ ቤተሰብ ከንግሥ መልስ ሐይቁ ዳር ተሰልፎ ነበር። አያትየዋ በወንበር ተቀምጠው፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ዙሪያቸውን ቆመው ነበር። ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ፤ ሌንሱ ወጥቶ እንደተዘረጋ ካሜራው ጠፋ። ድንጋይ ቀየሩ፣ በራ፣ ፍላሹን ሊሞላ ሲል ዳግመኛ ጠፋ። ሦስተኛውን ጥንድ ፍለጋ ኪዮስክ ደርሰው ሲመለሱ አያትየዋ ደክሟቸው ወደ መኪናው ገብተዋል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አላነሱለትም ነበር። ያቺ ፎቶ ከዚያ በኋላ ልትነሳ እንደማትችል ያውቃሉ።

የመጀመሪያው እርምጃዬና ስሕተቱ

የመጀመሪያ ግምቴ ካሜራው ጠፍቶ ሳለ ከድንጋዩ ኃይል ይመጥጣል የሚል ነበር። ሌሊቱን እያፈሰሰ ከሆነ ጧት ላይ ድንጋዩ ደክሞ ይገኛል። ይህን ለማየት ቀጭን ወረቀት በሁለት የመዳብ ቅጠል መካከል አጣብቄ በድንጋዩና በካሜራው የብረት ምላስ መካከል አስገባሁ፤ ሁለቱን የመዳብ ጫፎች ከኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ከቴስተሩ ጋር አገናኝቼ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለካሁ። ካሜራው ጠፍቶ የሚወስደው ከአንድ ሚሊአምፒር አንድ አሥረኛ በታች ነበር። ያ ለቀንና ለሰዓት ማስታወሻው ብቻ የሚበቃ ነው፤ በዚህ መጠን አንድ ጥንድ ድንጋይ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ውጤቱን አላመንኩም። በሦስት ሌሊት ደጋግሜ ለካሁ፣ አንድ ሳምንት አለፈ። አሁን ሳስበው ያንን ሳምንት ማትረፍ የምችለው ከመለካቴ በፊት ጥያቄ በመጠየቅ ነበር። ድንጋዩ የሚያልቀው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ነው ወይስ በሥራ መካከል ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር። በሥራ መካከል ነበር።

ፌስታሉ

መንገዱን የከፈቱልኝ የጋሼ ባለቤት ናቸው። ያገለገሉትን ድንጋዮች ሁሉ እንዲያመጡልኝ ጠይቄ ስለነበር አንድ ፌስታል ሙሉ ይዘው መጡ። እያስቀመጡ «ይህን ሁሉ ሞቷል ይላል፤ እኔ ግን ካሜራው የጣለውን ሬዲዮ ውስጥ አስገብቼ ሁዳዴን ሙሉ ሰምቼበታለሁ። የግድግዳው ሰዓትም የሚሠራው በሱ ነው» አሉ።

ይህ ንግግር ሁሉንም ነገር ለወጠ። የሞተ ድንጋይ ለሁለት ወር ሬዲዮ አያናግርም። ፌስታሉ ውስጥ 31 ድንጋይ ነበር። አንድ በአንድ ለካሁ። 24ቱ ምንም ሳይጫናቸው ከ1.3 ቮልት በላይ አሳዩ፤ አብዛኞቹ 1.38 አካባቢ ናቸው። አዲስ የአልካላይን ድንጋይ 1.6 አካባቢ ያሳያል፤ 1.38 የሚያሳይ ደግሞ ገና ግማሽ ያህል ጉልበት አለው። ጋሼ በየሳምንቱ ግማሽ የሞላ ጠርሙስ ሲጥሉ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ካሜራ ድንጋዩ ውስጥ ስንት ጉልበት እንደቀረ አያውቅም፤ የሚያየው በዚያች ቅጽበት የሚደርሰውን ቮልት ብቻ ነው። ሬዲዮ የሚጠይቀው ጥቂት ሚሊአምፒር ስለሆነ የደከመ ድንጋይ እንኳ ያጠግበዋል። ትንሽ ካሜራ ግን ስክሪኑ በርቶ ብቻ ግማሽ አምፒር ይወስዳል፣ ፍላሹን ሲሞላ ከአንድ አምፒር ተኩል በላይ ይደርሳል። ይህን ያህል ጅረት በአንድ ጊዜ ሲሳብ ቮልቱ ይወድቃል፤ ከወሰኑ በታች ሲወርድ ካሜራው ድንጋዩ አልቋል ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ ድንጋዩ ለምን ያልቃል የሚለው አልነበረም። ቮልቱ የት ነው የሚወድቀው የሚለው ነበር።

ከመጥረጊያ እጀታ የተሠራ ድንጋይ

ኤኤ ድንጋይ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር ከትንሽ፣ ውፍረቱ ደግሞ 14 ሚሊሜትር ከግማሽ አካባቢ ነው። አሮጌ የመጥረጊያ እጀታ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ሁለት የእንጨት ድንጋይ ሠራሁ። ጫፎቻቸው ላይ የመዳብ ሰሌዳ አጣበቅሁ። በአንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሳለፍኩ። የሌላውን ሁለት ጫፎች ግን ሳላገናኝ ለየብቻ ከፓወር ሰፕላይ ጋር አሰርኳቸው። በዚህ መንገድ ጅረቱ እንደ እውነተኛው ድንጋይ በካሜራው ምላሶችና በክዳኑ ውስጥ ባለችው ሁለቱን ድንጋዮች በምታገናኘው ብረት በኩል ማለፍ ይገደዳል፤ እኔ ደግሞ ቮልቱን እንደፈለግሁ ከፍና ዝቅ ማድረግ እችላለሁ።

ከ3 ቮልት ጀምሬ ቀስ በቀስ አወረድኩ። 2.5 ላይ ፍላሹ ሲሞላ ካሜራው ጠፋ። የሚሞሉ ድንጋዮች ሁለቱ ተደምረው በሥራ ላይ 2.4 ቮልት አካባቢ ስለሆኑ፣ በዚህ ካሜራ ውስጥ ሙሉ ሆነው እንኳ ብዙም ሊያሠሩ አይችሉም ማለት ነው።

ቀጥሎ የክዳኑን ብረት አለፍኩት። ሽቦዎቹን ከውስጥ ካሉት ሁለት ምላሶች ጋር በቀጥታ አገናኝቼ ያንኑ ፈተና ደገምኩ። አሁን ካሜራው እስከ 2.15 ድረስ ፍላሽ እየሞላ ሠራ። ልዩነቱ 0.35 ቮልት ነው፣ የጠፋውም ክዳኑ ላይ ነው።

ክዳኑን በማጉያ መነጽር ሳየው ነገሩ ግልጽ ነበር። የብረቷ አንድ ጎን ላይ ነጭ፣ ጠርዙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት መሰል ቅርፊት ተጋግሯል፤ አንድ ጊዜ ውስጡ ያፈሰሰ የአልካላይን ድንጋይ ርዝራዥ ነው። የክዳኑ የፕላስቲክ ጥርስ ደግሞ ተሰብሯል። ጋሼ ለዓመታት በላስቲክ እያሰሩ ይዘውታል። ላስቲኩ ክዳኑን ከመውደቅ ያድናል እንጂ ብረቷን በድንጋዮቹ ላይ አጥብቆ አይጫንም። ቆሻሻ ብረት ላልቶ ሲነካ ጅረቱን ይይዛል፤ ይህን ሙግደት እንለዋለን። የሙግደት መለኪያው ኦም ሲሆን፣ የዚህኛው ከሩብ ኦም ያነሰ ነበር። ለሬዲዮ ምንም ማለት አይደለም፣ ለካሜራ ግን ሞት ነው።

ያፈሰሰው አልካላይን ስለሆነ የሚያላቅቀው አሲድነት ያለው ነገር ነው። ጥጥ በሎሚ ጭማቂ አርሼ ቅርፊቱን አነሳሁ፣ በአልኮል አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ ብረቷ እስክታብረቀርቅ በእርሳስ ላጲስ ፈተግሁ፤ በመጨረሻም በጥፍሬ ትንሽ ቀና አደረግኋት። ለተሰበረው ጥርስ መለዋወጫ አላገኘንም። አንድ ብረት ሠራተኛ ከአሉሚኒየም ቁራጭ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያላት ትንሽ መያዣ ሠራልን፤ ካሜራው ሥር ባለው የሦስት እግር ማቆሚያ ቀዳዳ ላይ በብሎን ታስራ ክዳኑን ከታች ትደግፋለች። ጋሼ መልኳን አልወደዱትም። ግን ከላስቲኩ በእጥፍ ትጫናለች።

ደቂቃውን መቁጠር

ብረቷ ከጸዳች በኋላ በአዲስ የአልካላይን ድንጋይ የተነሱት ፎቶዎች ከ20 ወደ 50 ከፍ አሉ። ጋሼ ተደሰቱ፤ እኔ ግን የካሜራው መመሪያ ላይ 200 ያህል የሚል ቁጥር ስላለ ቀሪው የት ገባ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

እንዲህ ያለው ቁጥር የሚወጣው የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ሲፓ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የመለኪያ ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ስክሪኑ በርቶ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይነሳል፣ ሌንሱ ይንቀሳቀሳል፣ ፍላሹ አንዴ እየዘለለ ይበራል፣ በየአሥር ፎቶው ካሜራው ጠፍቶ ይበራል። ስለዚህ 200 ፎቶ ማለት ካሜራው በርቶ የሚቆይበት 100 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ፎቶ ስንቆጥር የከረምነው ደቂቃ መቁጠር ሲገባን ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ሄጄ ሰዓት ይዤ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲቀርብ ያበራሉ፣ ዋጋ ሲነጋገሩ በርቷል፣ ልጆች ሲሰለፉ በርቷል፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ደንበኛው ስክሪኑ ላይ ያያል፣ ለዘመዶቹ ያሳያል። ራሱን በራሱ የሚያጠፋበትንም ማስተካከያ ዘግተውታል፤ ሌንሱ ሲከፈት የሚፈጀው ጊዜ ደንበኛ ያሸሻል ብለው ነው። በአማካይ ለአንድ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ይበራል። መቶ ደቂቃ ለሁለት ሲካፈል ሃምሳ ነው። ያገኘነው ቁጥር በትክክል ይኸው ነበር።

ማብራትና ማጥፋትም ኃይል እንደሚወስድ ስለማውቅ ለካሁት። ሌንሱ ተከፍቶ እስኪዘጋጅ የሚወስደው ስክሪኑ ለአምስት ሰከንድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ግማሽ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ነገር ካለ ማጥፋቱ ያዋጣል። ጋሼ አሁን የሚያበሩት ሰዎቹ ቦታቸውን ይዘው ከቆሙ በኋላ ነው፤ የተነሳውንም አንድ ጊዜ አሳይተው ይዘጋሉ። የስክሪኑን ብርሃንም በአንድ ደረጃ ቀነስን።

የወርቅ ቤቱ ሚዛን

ከዚህ በኋላ ወደ ድንጋዩ ዞርን። ኪዮስክ የሚሸጠው ርካሹ ዚንክ ካርቦን ለእጅ ባትሪና ለሰዓት የተሠራ ነው፤ በጸዳው ካሜራ ውስጥ እንኳ ስድስት ፎቶ ብቻ አነሳ። የውስጥ ሙግደቱ ትልቅ ስለሆነ ይህን ያህል ጅረት መስጠት አይችልም። አልካላይን የተሻለ ቢሆንም ሲጫኑት ይደክማል። ለካሜራ የሚስማማው የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ቮልቱ 1.2 ተብሎ ስለተጻፈበት ደካማ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ጋሼን ጨምሮ የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የውስጥ ሙግደቱ ትንሽ በመሆኑ ሲጫኑት ቮልቱን ይዞ ይቆያል፤ በካሜራ ውስጥ 1.5 የተባለውን የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

አሮጌ ገበያ ሄደን 3600 ሚሊአምፒር ሰዓት (የሚይዙት የጉልበት መጠን) የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አራት የሚሞሉ ድንጋዮች ገዛን። ሠላሳ ፎቶ ላይ አለቁ። ገንዘቡ ከጋሼ ኪስ ስለወጣ በጣም አዘንኩ፤ ምክሩ የእኔ ነበርና። በመዳፌ ይዤ ስመዝናቸው ቀለውብኝ ነበር፤ ፒያሳ አካባቢ ያለ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ዘንድ ወስጄ በወርቅ ሚዛን አስመዘንኳቸው። አንዱ 16 ግራም ነው። እውነተኛ የዚህ ዓይነት ኤኤ ድንጋይ ከ26 እስከ 30 ግራም ይመዝናል። ጉልበቱ የሚቀመጠው ውስጡ ባለው ብረትና ቅመም ስለሆነ የቀለለ ድንጋይ የጎደለ ድንጋይ ነው። ጽሑፉም ራሱ ሐሰተኛነቱን ይናገራል፤ በዚህ መጠን የሚሠራ የኒኬል ድንጋይ 3000 አይደርስም። የሚዛኑ ፈተና አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ 1.5 ቮልት ያለው የማይሞላው የሊቲየም ኤኤ ድንጋይ እውነተኛ ሆኖ 15 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በዘመድ ያስመጣነው 2000 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሳይሠራ ሲቀመጥ ኃይሉን ቶሎ የማያባክን ዓይነት ነው። ይህን ዓይነት ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢነሉፕ በሚል ስም ገበያ ላይ ካዋለው በኋላ ሌሎችም መሥራት ጀምረዋል። የቀድሞው ዓይነት ተሞልቶ ሲቀመጥ በአንድ ወር ውስጥ ከአምስት አንዱን እጅ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ቅዳሜ ሞልቶ እሑድ ለሚሠራ ችግር የለውም፣ ከበዓል እስከ በዓል ለሚያስቀምጥ ግን ከንቱ ነው። 2000 የሚለው ድንጋይ ሚዛኑ ላይ 27 ግራም ሆነ፤ 3600 የተባለውን ደግሞ በብዙ እጥፍ በለጠው።

ቻርጀሩና መብራቱ

ጋሼ ከድንጋዮቹ ጋር የገዙት ርካሽ ቻርጀር በ200 ሚሊአምፒር የሚሞላ ነበር። 2000ን በ200 ለመሙላት፣ ከሚባክነው ጋር፣ 14 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። እሳቸው ማታ ሦስት ሰዓት ሰክተው ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ይነቅላሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ መካከል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አረንጓዴዋ መብራት ከተሰካበት ደቂቃ ጀምራ ስለምትበራ ሞልቷል ብለው ያምኑ ነበር። ሌላው የርካሽ ቻርጀር ዓይነት ጊዜ ቆጥሮ የሚያቆም ነው፤ እሱም መብራት ሄዶ ሲመጣ ከዜሮ ይቆጥራልና የሞላውን ድንጋይ እንደገና እያሞቀ ያቃጥላል። ሁለቱም ጥንድ ጥንድ ብቻ ነው የሚሞሉት፤ አንዱ ከሌላው የበለጠ ኃይል ይዞ ከገባ እሱ ያለ ልክ ይሞላል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ እየለካ ሲሞላ የሚያቆም ቻርጀር ነው። ዋጋው ከድንጋዮቹ ይበልጣል። ጋሼን ያሳመንኳቸው በፌስታሉ ነው፤ ውስጡ የነበሩትን 31 ድንጋዮች ዋጋ ደምረን አየነው።

አንድ ልማድም ነበራቸው። ደከመ ያሉትን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቁታል። ሁላችንም በልጅነታችን ያደረግነው ነው፤ ለዚንክ ካርቦን ድንጋይ ዕረፍቱና ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራበታል። የሚሞላውን ግን ሙቀት ይጎዳዋል፣ የያዘውንም ቶሎ ያስጥለዋል። አሁን ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ቦርሳ ያስቀምጡታል።

ያልሠሩ ምክሮች

ሁሉም ምክሬ አልተሳካም። ስክሪኑን አጥፍተው በትንሿ የመስኮት መመልከቻ እንዲያነሱ ብዬ ነበር፤ በኃይል ቁጠባ ረገድ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን መመልከቻዋ ከሌንሱ ጎን ስለሆነች ቅርብ ሲነሳ የሚታየውና የሚቀረጸው አይገጥምም። ጉርድ ፎቶ ላይ የአንድ ተማሪ ራስ ከላይ ተቆረጠ፣ ጋሼም ያንን ፎቶ በነጻ ደገሙት። ይህን ምክር መልሼ ወሰድኩት።

ፍላሹን ይተዉ ብዬም ነበር። በቀን ብርሃን ፍላሽ ብክነት መስሎኝ ነው። እሳቸው ግን በትዕግሥት አስረዱኝ፦ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ከሰዎቹ ጀርባ ያብረቀርቃል፣ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ያለ ፍላሽ የሚወጣው ፎቶ የጥላ ፎቶ ነው። ትክክል ናቸው። ጠጋኝ ስለ ኃይል ያውቃል፣ ስለ ፊት የሚያውቀው ፎቶ አንሺ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ግን ፀሐዩ እንዲያግዝ ሰዎቹን አዙረው ያቆማሉ፤ ያ ሐሳብ ከሳቸው የመጣ ነው።

ውጤቱ

ክዳኑ ጸድቶና ጠብቆ፣ ድንጋዩ ተለውጦ፣ ካሜራው በደንበኛና በደንበኛ መካከል እየጠፋ ሲሠራ አንድ ጥንድ ድንጋይ ከ230 እስከ 260 ፎቶ ያነሳል። ሥራው ሁሉ አንድ ወር ከአሥር ቀን ወሰደ፤ አንዱ ሳምንት እኔ ያለ ጥያቄ ስለካ ያለፈው ነው። ከጭማሪው ትልቁን ድርሻ ያመጣው የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ የክዳኑ ብረት ነው እላለሁ፤ እሷ ባትጸዳ ኖሮ ጥሩው ድንጋይም እንደ ሐሰተኛው ይቆጠር ነበር። ጋሼ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ እውነተኛ የሚሞላ ድንጋይ ገዝተው «አይረባም» ብለው ለዘመድ የሰጡትም በዚህች ብረት ምክንያት እንደሆነ አሁን እገምታለሁ።

ለሌላ ካሜራ የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ «ድንጋይ ይበላል» የተባለ ካሜራ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የጣሉት ድንጋይ ሌላ ዕቃ ላይ ይሠራል ወይ ብዬ ነው። የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ ድንጋዩ ጋ ላይሆን ይችላልና ምላሶቹንና ክዳኑን አያለሁ። ጧት ደክሞ ከተገኘ ግን ያኔ ፍሳሹን መለካት ተገቢ ነው።

ድንጋይ የሚለካው ተጭኖ ነው። ቴስተር ብቻውን ሲነካው የደከመውም ብርቱ ይመስላል። እኔ ሁለት ኦም የሆነ ነጭ ባለ አምስት ዋት ሬዚስተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ድንጋዩን ለአሥር ሰከንድ በሱ እያሠራሁ ቮልቱን አያለሁ። ከ1.1 በታች የወረደው ለካሜራ አይሆንም፤ ለሰዓት ግን ይሆናል፣ አይጣል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ማውጫቸው ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት የሚያስመርጥ መስመር አላቸው፤ የሚሞላ እየተጠቀሙ አልካላይን ላይ ከተተወ ካሜራው ያለ ጊዜው «አልቋል» ሊል ይችላል። አዲስና አሮጌ፣ የተለያየ ስም ያለው ድንጋይ አብሮ አይግባ፤ ደካማው ቶሎ ባዶ ይሆንና ብርቱው በግልባጭ እየገፋ ያበላሸዋል።

ጠፍጣፋ የሊቲየም አዮን ባትሪ ያላቸው ካሜራዎች ነገራቸው ትንሽ ይለያል። ሲሞሉ 4.2 ቮልት ይደርሳሉ፣ ከዚያ በላይ መገፋት የለባቸውም። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጡ በአብዛኛው በዕድሜ ብቻ ደክመዋል፣ ማጽዳት አይመልሳቸውም። ያበጠ ካለ ሳይሞላ፣ ሳይበሳ፣ በጉልበት ሳይጎተት ከካሜራው ይለያል። ለመቆያ የሚሻለው ግማሽ አካባቢ ሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኔ በዚህ ጉዳይ ካሜራውን አልፈታሁትም፤ አላስፈለገም። የሚፈታ ሰው ግን የፍላሹ ካፓሲተር፣ ማለትም ኃይል የሚያጠራቅመው ክፍል፣ 300 ቮልት አካባቢ እንደሚይዝ፣ ድንጋዩ ወጥቶም ለረጅም ጊዜ እንደማይለቀው ይወቅ። አንድ ወጣት ረዳቴ በጣቱ ነክቶት ክንዱ እስከ ትከሻው ሲደነዝዝ አይቻለሁ።

ሐምሌ 19 ጧት ጋሼ በሱቄ በኩል አለፉ። ከሁለት ጥንድ ድንጋይ አንደኛውን ካሜራው ውስጥ፣ ሁለተኛውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል። ክዳኑን የምትደግፈዋ መያዣ ብሎን ላልታባቸው ነበር፤ አጠበቅሁላቸው፣ ትርፍ ብሎንም ሰጠኋቸው። ማታ ሲመለሱ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ጥንድ አልተነካም።